የሐበሻ ቀጠሮና የስዊስ ሰዓት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጄኔቫ ከተማ ኢትዮጵያውያን በተሰበሰቡበት አንድ አዳራሽ «የስኬት ምሥጢር» በሚል ርእስ ንግግር እንዳደርግ ተጋብዤ ነበር። ጥሪው ለ10 ሰዓት ሲሆን ጉባኤው የተጀመረው ወደ 12 ሰዓት ገደማ ነው። እኔ ተናጋሪውም ሩብ ሰዓት ዘግይቼ መድረሴን አልደብቅም። ንግግሬን የከፈትሁት በዚሁ መዘግየት ላይ በመሳለቅ ነበር። በዓለም የታወቁ ሰዓት ሠሪዎች በሚኖሩበት ከተማ ተቀምጠን የሐበሻ ቀጠሮን መተው ያቃተን ሰዎች ስለ ስኬት ልንመክር ተሰበሰብን ብዬ ሰዉን አሳቅሁት። ከዚያም ከስኬት መጻሕፍት የቃረምሁትን አቀረብሁ፦ ዓላማን መወሰን፣ ጊዜን መቆጠብ፣ ሰበብ አለማብዛት፣ ተስፋ ከሚያስቆርጥ ሰው መራቅ።

በመጨረሻም የራሴን ሕይወት በምሳሌነት ጠቀስሁ። በ1979 ዓ.ም. ለሕክምና ትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት የተላከ ወጣት፣ በ1983 ዓ.ም. የላከው መንግሥት ወደቀበት፤ ወራት ሳይቆይ የተቀበለው አገር ራሱ ፈረሰበት። ትምህርቱን በእጦት ጨርሶ፣ አንድ ሻንጣና ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው ዲፕሎማ ይዞ ስዊዘርላንድ ገባ፤ በትጋቱም ሐኪም ሆነ። ጭብጨባው ሞቅ ያለ ነበር።

ጭብጨባው ሲያባራ፣ በኋለኛው መደዳ የተቀመጠ፣ ዕድሜው ከእኔ ብዙም የማያንስ ሰው ተነሣ። «ዶክተር፣ የእኔ የጽዳት ሥራ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይጀምራል። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አርፍጄ አላውቅም። እርስዎ የዘረዘሩትን ሁሉ አደርጋለሁ። ታዲያ የጎደለኝ ምንድን ነው?» አለኝ። እኔም «ትዕግሥት ነው» ብዬ መለስሁለት። መልሴ ስሕተት ብቻ ሳይሆን ነውርም እንደነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው። ከዚያ ወዲህ የስኬት መጻሕፍቱን እንደገና ማንበብ ጀመርሁ፤ በዚህ ጊዜ ግን ያነበብኋቸው እንደ አማኝ ሳይሆን እንደ ሐኪም ነው።

ስለ ስኬትና ስለ ጠባይ መጻፍ በአማርኛ አዲስ ነገር አይደለም። በከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ፊደል የለየ ተማሪ የትጋትንና የስንፍናን ዋጋ የተማረው በግጥም ነው። እኚሁ ደራሲ በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። ከእርሳቸውም በፊት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ስለ አገር ድህነትና ስለ ሥራ ጽፈዋል። ዛሬ በአዲስ አበባ መጽሐፍ መደብሮች ግንባር ቀደሙን መደርደሪያ የያዙት፣ በየሻንጣችንም ወደ አውሮፓ የሚሻገሩት ግን ሌሎች ናቸው፦ የዴል ካርኔጊ፣ የናፖሊዮን ሂል፣ የስቲቨን ኮቪና የሮበርት ኪዮሳኪ ትርጉሞች፣ የእነርሱንም ፈለግ የተከተሉ የአገር ቤት ድርሰቶች።

እነዚህን መጻሕፍት ማጣጣል የተማረ ሰው ወግ ሆኗል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። «የአርባ ቀን ዕድል» በሚል ብሂል ላደገ ሰው፣ ሕይወትህ በከፊልም ቢሆን በእጅህ ነው ብሎ የሚነግረው መጽሐፍ ውለታ ውሎለታል። እኔ ራሴ በአንድ ክረምት፣ ሌሊት በአረጋውያን መጦሪያ እየሠራሁ፣ ቀን ለፈተና እየተዘጋጀሁ ሳለ ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱ አጽናንቶኛል። ሆኖም መጽናኛ ሌላ፣ ምርመራ ሌላ ነው። በሽተኛው ተስፋ እንዲያደርግ የተነገረው ቃል የበሽታው መንስኤ ተደርጎ ሲጻፍ ነው ሐኪም ዝም ማለት የማይገባው።

የመጻሕፍቱ የመጀመሪያ ጉድለት የአቆጣጠር ነው። አንድ ሆስፒታል ድነው የወጡትን ብቻ ጠይቆ «እንዴት ዳናችሁ?» ቢል፣ አንዱ ጸሎት፣ ሌላው ማር፣ ሦስተኛው ማልዶ መነሣት ነው ይሉታል። የሞቱትም ጸልየው፣ ማር በልተው፣ ማልደው ተነሥተው እንደሆነ ግን የሚጠይቅ የለም። የስኬት መጻሕፍት የተሳካላቸውን ሰዎች ልማድ ዘርዝረው ምክንያቱ ይህ ነው ይሉናል፤ በዚያው ልማድ ኖረው ያልተሳካላቸው ግን በገጾቻቸው ውስጥ ቦታ የላቸውም። ከኋላ መደዳ የተነሣው ሰው ያደረገው ያልተቆጠረውን ሰው ወክሎ መቆም ነበር።

ሁለተኛው ጉድለት ስለ ዓለም ያላቸው ግምት ነው። የካርኔጊ የወዳጅ ማፍሪያ መጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። በዚያው ዓመት፣ ሰኔ 30 ቀን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚሁ በጄኔቫ በመንግሥታቱ ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆሙ። የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨት ሲያውኳቸው ሳይናወጡ ጠበቁ፤ በገዛ ቋንቋቸው፣ በማስረጃ፣ በጨዋነት ተናገሩ። በጠባይና በአነጋገር ረገድ የስኬት መምህር የሚያርመው ነገር አልነበረም። ዓለም አደነቃቸው፤ በሚቀጥለው ወር ግን በኢጣሊያ ላይ የተጣለው ማዕቀብ ተነሣ። ንጉሡ የሕዝብን ልብ አሸንፈው የመንግሥታትን ጥቅም ሊያሸንፉ አልቻሉም። ወዳጅ ማፍራትና መብትን ማግኘት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚያ ንግግር የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

የአገር ቤት ደራስያን ደግሞ ሯጮቻችንን አብዝተው ይጠቅሳሉ። አሰላ አጠገብ የተወለደው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ወደ ትምህርት ቤት እየሮጠ መመላለሱ፣ ኋላም በ1996 እና በ2000 የኦሊምፒክ 10,000 ሜትር ወርቅ ማግኘቱ የፈቃድ ኃይል ምስክር ሆኖ ይቀርባል። ፈቃዱን ማን ይጠራጠራል! ነገር ግን ትንሿን በቆጂን እንይ። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ሁሉም ከዚያች ከተማ አካባቢ ናቸው። ብርቱ ፈቃድ በኢትዮጵያ ምድር በበቆጂ ብቻ አልበቀለም። በበቆጂ የነበረው ከፍታው፣ የሩጫ ልማዱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሩጫ ተሰጥዎን በልጅነት እየለየ ያሠለጠነ ስንታየሁ እሸቱ የተባለ የስፖርት መምህር ነው። በስኬት መጻሕፍት ውስጥ ሯጩ አለ፤ መምህሩ ግን እምብዛም አይታይም።

እዚህ ላይ ወደ ቀደሙት ጸሐፊዎቻችን መመለስ ይጠቅማል። ከበደ ሚካኤል ለአርአያነት የመረጧት ጃፓን ራሷ የስኬት መጽሐፍ አንባቢ ነበረች። የስኮትላንዳዊው ሳሙኤል ስማይልስ ራስን ስለ መርዳት የጻፈው የ1859 መጽሐፍ በ1871 ወደ ጃፓንኛ ተተርጉሞ እጅግ ብዙ ቅጂ ተሸጧል። ታዲያ ጃፓንን ያሠለጠናት መጽሐፉ ነውን? በቀጣዩ ዓመት፣ በ1872፣ መንግሥት ልጆች ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲገቡ አወጀ፤ በ1873 የመሬት ግብርን በሕግ ወሰነ፤ የሳሙራዮችንም መብት ደረጃ በደረጃ ሻረ። ትጋትን የሚሰብከው መጽሐፍ ትጋት ዋጋ በሚያገኝበት አገር ላይ ወረደ። እኛ ዘሩን ደጋግመን ዘራን፤ የእርሻውን ጉዳይ ግን ለሌላ ጊዜ አቆየነው።

ይህን ከሁሉ አስቀድመው ያዩት ገብረ ሕይወት ናቸው። በልጅነታቸው ከአገር ወጥተው በኦስትሪያና በጀርመን የተማሩት እኚህ ሰው በ1919 እ.ኤ.አ. ገና በወጣትነታቸው አረፉ፤ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተሰኘው ሥራቸው የታተመው ከሞታቸው በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። እርሳቸውም ስንፍናንና ድንቁርናን አጥብቀው ይነቅፋሉ። ነገር ግን በነቀፋ አይቆሙም። ገበሬው ያመረተውን ወታደር በሚበላበት፣ ግብሩ ባልተወሰነበት፣ ጦርነት የዓመታት ድካም በአንድ ቀን በሚያወድምበት አገር ሰው ለምን አብዝቶ ይሠራል ብለው የሚጠይቁ ጸሐፊ ናቸው። በእርሳቸው አስተሳሰብ የሰው ልማድ የአስተዳደሩ ውጤት ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ የወጡት የስኬት ትርጉሞች ከዚህ ማስተዋል ወደፊት ሳይሆን ወደ ኋላ የተጓዙ ይመስለኛል።

«ስዊሶችስ? የበለጸጉት በጠባያቸው አይደለምን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ይህን እኔም ለረጅም ጊዜ አምኛለሁ። ማክስ ቬበር በ1904 እና በ1905 ባሳተመው ድርሰቱ የፕሮቴስታንት ሥነ ምግባርን ከካፒታሊዝም መንፈስ ጋር አያይዞታል፤ ጄኔቫ የካልቪን፣ ዙሪክ የትዝቪንግሊ ከተሞች ናቸውና አብነቱ ቅርብ ነው። ካልቪን ጌጣጌጥን ስለ ከለከለ ወርቅ አንጥረኞቹ ወደ ሰዓት ሥራ ዞሩ ይባላል፤ የሰዓት ሠሪዎቹ ማኅበርም በ1601 ቆሟል። ሆኖም ሰዓት ሥራውን ያስፋፉት በአብዛኛው ከፈረንሳይ በሃይማኖታቸው ምክንያት የተሰደዱ ሰዎች መሆናቸውን ማስታወስ ይገባል። ስደተኛው ሙያውን ይዞ መጣ፤ ከተማይቱም ሙያውን እንዲሠራበት ፈቀደችለት። ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል የጄኔቫ ሰዓት አይኖርም ነበር።

ከዚህም በላይ የስዊስ ጠባይ ከስዊስ ሀብት በዕድሜ ይበልጣል። ይህ ቆጣቢና ታታሪ ሕዝብ ለብዙ መቶ ዓመታት ወጣቶቹን ለባዕዳን ነገሥታት ጦር በቅጥር ይልክ ነበር። በ1816 እና በ1817 ምሥራቁን የአገሪቱን ክፍል ረኃብ መታው። በ1819 ብዙ ቤተሰቦች ርስታቸውን ጥለው ወደ ብራዚል ተሰደዱ፤ ዛሬም ኖቫ ፍሪቡርጎ የተባለች ከተማ ስማቸውን ይዛ ትኖራለች። ከዚያ በኋላ የተለወጠው ጠባያቸው አይደለም። በ1847 ከተደረገው አጭር የእርስ በእርስ ጦርነት በኋላ በ1848 የጋራ ሕገ መንግሥት አጸደቁ፤ በ1855 በዙሪክ የፌዴራሉን ፖሊቴክኒክ ከፈቱ፤ በ1882 የጎታርድን ተራራ ሰርስረው ባቡር አሳለፉ። ከዚያ ፖሊቴክኒክ የወጣው አልፍሬድ ኢልግ በ1879 አንኮበር ደርሶ ምኒልክን አገለገለ፤ ስሙ ከምድር ባቡራችን ጋር ተያይዟል። ለባቡሩ ሥራ በ1894 ፈቃድ ተገኘ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1917፣ ኢልግ በዙሪክ ከሞተ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። በስኬት መጽሐፍ ሚዛን ኢልግ ግቡን ሳያይ የሞተ ሰው ነው።

ስኬትን ከጠባይ ጋር አንድ ማድረግ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነም ይህችው አገር ታስተምረናለች። ድህነት የጠባይ ጉድለት ተደርጎ በመቆጠሩ፣ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ የድሆች ልጆች ከወላጆቻቸው እየተነጠቁ በገበሬዎች ቤት ያለ ደመወዝ ይሠሩ ነበር። ወንጀል ያልፈጸሙ ሰዎችም «ሥራ ጠል» ወይም «ልቅ» እየተባሉ በአስተዳደር ውሳኔ ይታሰሩ ነበር፤ ይህ አሠራር የቀረው በ1981 ነው። መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው በ2013 ሲሆን፣ በኋላም ለእያንዳንዱ ተጎጂ 25,000 ፍራንክ እንዲከፈል በሕግ ተወሰነ። «ድሃ የሆንኸው በራስህ ነው» የሚለው ቃል በመጽሐፍ ውስጥ ምክር ይመስላል፤ በባለሥልጣን እጅ ሲገባ እስር ቤት ይሆናል።

ስለ ትዕግሥት ከሰጠሁት መልስ ጋር የተያያዘ አንድ የሳይንስ ነገር ልጨምር። አንድ ከረሜላ አሁን ከመብላት ታግሦ ሁለት የሚጠብቅ ሕፃን ወደፊት ይሳካለታል የሚለው የአሜሪካ ጥናት በስኬት መጻሕፍት ዘንድ እንደ ወንጌል ይጠቀሳል። በ2018 ሰፋ ባለ የሕፃናት ቁጥር ተደግሞ ሲታይ ግን የቤተሰብ ኑሮ ከግምት ሲገባ የትንበያው ኃይል እጅግ ቀንሷል። ይበልጥ ያስደነቀኝ በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ የተደረገውና በ2013 የታተመው ነው። ሕፃናቱ ከፈተናው በፊት ሁለት ዓይነት አዋቂ አጋጠማቸው፤ አንዱ ቃሉን የጠበቀ፣ ሌላው ያጠፈ። ቃሉን የጠበቀ አዋቂ ያጋጠማቸው በአማካይ ወደ 12 ደቂቃ ታገሡ፤ ቃሉ የታጠፈባቸው ግን ወደ 3 ደቂቃ ብቻ። ትዕግሥት በሕፃኑ ልብ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በአዋቂው ቃል ውስጥም አለ።

ይህን ሳነብ ያሰብሁት አባቶቻችንን ነው። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ለጭሰኛው ፍትሕ ነበር፤ በዚያው ዓመት ግን ዕድሜ ልኩን ቆጥቦ ለጡረታው ሁለተኛ ቤት የሠራ ጸሐፊና ነጋዴም ተወረሰ። ገበሬውም ብዙ ሳይቆይ በኮታ እህሉን፣ በመንደር ምሥረታ ቀየውን ሲያጣ አየ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት እንደ ብልግና እንነቅፈዋለን፤ ሐኪም ግን እንደ ምልክት ያነበዋል። ቃል በሚታጠፍበት ቤት የኖረ ሰው ከረሜላውን አሁኑኑ ቢበላ ጅል አይደለም። የሚገርመው ይኸው ሕዝብ በዕቁብ ገንዘቡን በወረፋ እየጣለ፣ ያለ ፊርማ፣ ያለ ዳኛ ወራትን መጠበቁ ነው። በጄኔቫና በዙሪክም ወገኖቻችን ዕቁብ ይጥላሉ። ትዕግሥት አልጎደለንም፤ የጎደለን የሚታመን ነገር ነው።

የሐበሻ ቀጠሮም እንዲሁ ነው። ለስብሰባው ሁለት ሰዓት ያረፈደው ሰው ለሌሊት ሥራው ደቂቃ አያረፍድም። በዙሪክ ዋና ጣቢያ የተሰቀለውን፣ በኢንጂነር ሃንስ ሂልፊከር የተነደፈውን የባቡር ሰዓት ያየ ያውቀዋል፦ ቀይዋ የሰከንድ ዘንግ ዙሯን ቀድማ ጨርሳ ጫፍ ላይ ለአፍታ ትቆማለች፤ ከማዕከሉ ሰዓት ምልክት እስኪመጣም ትጠብቃለች። ያ ሰዓት እንኳ ለብቻው ትክክል አይደለም።

ይህ ሁሉ ሲባል ግለሰቡን ከኃላፊነት ለማውጣት አይደለም። የደም ግፊት ክኒኑን በየማለዳው መዋጥ የበሽተኛው ፈንታ ነው፤ ክኒኑ በመድኃኒት ቤቱ መገኘቱና ዋጋው መቻሉ ግን የእርሱ ፈንታ አይደለም። እዚሁ ጄኔቫ የሚገኘው የዓለም ጤና ድርጅት ያቋቋመው፣ በሰር ማይክል ማርሞት የተመራው ኮሚሽን በ2008 ባወጣው ዘገባ ሰዎች የሚወለዱበት፣ የሚሠሩበትና የሚያረጁበት ሁኔታ ጤናቸውን እንደሚወስን አስረድቷል። በዚያ ሁኔታ ውስጥ ሆኖም የራስ ድርሻ አለ፤ በስደት ያየሁትንም የራሳችንን ድርሻ መናገር አለብኝ።

አንደኛው ያልተፈታ ሻንጣ ነው። «ነገ እንገባለን» እያልን የተቀመጥንበትን አገር ቋንቋ ሳንማር ዓመታት አልፈዋል። እኔ ጀርመንኛ አያስፈልገኝም ብዬ በመኩራራቴ በዙሪክ የተከፈተልኝን የሥራ ቦታ አጥቻለሁ፤ በዚህ የምከስሰው ከራሴ በቀር ማንም የለም። ሁለተኛው የእጅ ሥራን መናቅ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መሳደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ እኛ ግን ዛሬም ልጃችን ሰዓት ሠሪ ልሁን ቢል እናዝናለን። ሦስተኛው ይሉኝታ ነው፤ ችግርን ሸሽጎ እርዳታ አለመጠየቅ። አራተኛው ከሁሉ የከፋው ነው፤ በሩ ከተከፈተልን በኋላ በሩ እንደ ነበረ መካድ።

ይህን አራተኛውን የማውቀው በራሴ ነው። በዚያ አዳራሽ የተናገርሁት የሕይወት ታሪኬ ውሸት አልነበረም፤ ግማሽ ነበር። ዲፕሎማዬን ማንም በማይመለከትበት ጊዜ አንድ አረጋዊ የጄኔቫ ሐኪም በክሊኒኩ እንድሠራ ፈቀደልኝ፤ የፈረንሳይኛ ደብዳቤዎቼን በቀይ እርሳስ አረመ፤ ለአራት መሥሪያ ቤቶች ስለ እኔ ጻፈ። ይህን ሰው ከንግግሬ ያስቀረሁት ረስቼው አይደለም። ታሪኩ ያለ እርሱ የበለጠ ስለሚያምር ነው።

ከጉባኤው በኋላ ጠያቂው ሰው ወደ እኔ መጥቶ በትሕትና እጅ ነሣኝ። «አያስታውሱኝም፤ ከአምስት ዓመት በፊት ክሊኒክዎ መጥቼ ነበር» አለኝ። በአገር ቤት የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበር፤ የምስክር ወረቀቱ እንዴት ዕውቅና እንደሚያገኝ እንዳሳየውና አንድ የድጋፍ ደብዳቤ እንድጽፍለት ለምኖኝ ነበር። ያን ቀን በሽተኛ በዝቶብኝ ነበርና ከመሳቢያዬ አንድ የስኬት መጽሐፍ አውጥቼ ሰጠሁት፤ ደብዳቤውን ግን አልጻፍሁም። «መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ» አለኝ። በድምፁ ውስጥ ምፀት አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ከእንግዲህ ለሚጻፉ የአማርኛ የስኬት መጻሕፍት የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ የባለታሪኩን ልማድ ስትዘረዝሩ በሩን የከፈተለትንም ሰው ስም ጻፉ፤ በዚያው ልማድ ኖሮ በሩ የተዘጋበትንም አትርሱት። እንዲህ የተጻፈ መጽሐፍ ምናልባት ብዙ አይሸጥም፤ አንባቢውን ግን አይዋሸውም።

ደብዳቤውን በዚያው ሳምንት ጻፍሁ። ወረቀቶቹን አብረን አስተርጉመን ላክን። መልሱ ከሰባት ወር በኋላ መጣ፤ ትምህርቱ በከፊል ታውቆለት፣ ተጨማሪ የልምምድ ጊዜ እንዲፈጽም ተጠየቀ። ከአምስት ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ዕድሜው ሃምሳ አልሞላም ነበር። እስካሁን ለልምምድ የሚቀበለው ላቦራቶሪ አላገኘንም፤ ማመልከቻ መላካችንን ግን አላቋረጥንም። እርሱ ዛሬም ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ሥራው ላይ ይገኛል።